ለጥቁሮች ተፈጥሯዊ ፀጉር እንክብካቤ የትኛውን መጽሐፍ እንምረጥ?

ሚዶ
ሰላም ለሁላችሁ። ለፀጉር ሥራ ሰልጣኞች ስለ ጥቁሮች ተፈጥሯዊ ፀጉር አያያዝ የሚያስረዱ ሦስት መጻሕፍት ልንመርጥ ነው፤ ከሦስት በላይ መግዛት አንችልም። ሰልጣኞቹ የለመዱት ሉጫ ፀጉር ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ሲገጥማቸው በደረቁ፣ ከሥሩ ጀምረው ያበጥሩታል። ያየናቸው መጻሕፍት ደግሞ ሽፋናቸው ሁሉ አንድ ነው፤ ያማረ ጎፈሬ፣ ከሥሩ «በ90 ቀን ረጅም ፀጉር»።

አንዱን ለማገላበጥ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢኖረን የቱን ገጽ እናንብብ? 4ኤ፣ 4ቢ፣ 4ሲ በሚለው የጥቅልል ቅርጽ ምደባ የተከፋፈለ መጽሐፍ ይጠቅማል ወይስ ያሳስታል? በቤት ውስጥ ውህድ የተሞሉትንስ እንዴት እንያቸው?

ጎፈሬ
በቀጥታ ስለ ማፍታታት የሚያወራውን ገጽ ግለጡ። ፀጉሩ በውኃና በኮንዲሽነር ርሶ፣ ከ4 እስከ 8 ቦታ ተከፍሎ፣ መጀመሪያ በጣት ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ፣ ከጫፍ ተነስቶ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር እየተወጣ ወደ ሥር መሄድ አለበት። ከሚበጠረው ቦታ ከፍ ብሎ በሌላው እጅ መያዝም አለ፤ ጉተታው ሥሩ ላይ እንዳያርፍ ነው። ይህ ከነምክንያቱ ከሌለ መጽሐፉን ወደ ቦታው መልሱት።

ምክንያቱ ይኼ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ተቆርጦ ሲታይ ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው፤ በየመታጠፊያውም ደካማ ነው። በደረቁ ሲበጠር አንዱ ጥቅልል ሌላውን ያንቃል፤ የሚዶው ጥርስ ሲጎትት የሚበጠሰው እዚያው መታጠፊያው ላይ ነው። ሉጫ ፀጉር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲርስ ስለሚለጠጥ ቀለል ብሎ ሲደርቅ ማበጠር ይሻለዋል። እንግዲህ «ፀጉርን እርጥብ ሳለ ፈጽሞ አታበጥሩ» የሚል ካገኛችሁ፣ ለሉጫ ፀጉር ተጽፎ ሽፋኑ ብቻ የተቀየረ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ስለ ዕድገት የሚለው ነው። ብዙ መጻሕፍት በወር 1.25 ሴንቲሜትር ብለው ያልፉታል። አፍሪካዊ ፀጉር ላይ የተለካው አማካይ ግን በቀን 0.25 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ በዓመት ወደ 9 ሴንቲሜትር። በ90 ቀን ስንት ይሆናል? ሁለት ሴንቲሜትር ከምናምን። በዚያ ላይ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ዓይን ላይ ምንም ላይመስል ይችላል። ርዝመት የሚገኘው ጫፉ ሳይሰበር ሲቆይ ነው፤ ጥሩ መጽሐፍ ገጹን የሚሰጠው ለዚህ ነው። ፎቶዎቹንም እዩ፦ «በፊት» የሚለው ተኮማትሮ፣ «በኋላ» የሚለው በሙቀት ተስቦ ከተነሳ ንጽጽር አይባልም።

ቀመር
የውህድ መጻሕፍትን በጅምላ አትጣሉ፤ መለኪያቸውን ግን መርምሩ። ሦስት ነገር ይታያል።

የአሲድነት መጠን (ፒኤች)፦ የራስ ቆዳ 5.5 አካባቢ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ሲሟሟ 8 ያህል፣ የሎሚ ጭማቂ 2 ያህል ነው። «በሶዳ እጠቡ፣ ከዚያ ሎሚ አፍስሱበት» የሚል መጽሐፍ የፀጉሩን ቅርፊት ያስነሳና መልሶ ያጠቃዋል። ይህን ያዘዘ ደራሲ ሌላውንም አልመረመረም ማለት ነው።

መዓዛማ ዘይት፦ «ጥቂት ጠብታ» መጠን አይደለም። 1 በመቶ ማለት በ30 ሚሊሊትር ተሸካሚ (ማቅጠኛ) ዘይት 6 ጠብታ ገደማ ነው። ሳይቀጥን ቆዳ ላይ እንዲንጠባጠብ የሚያዝ ካለ መልሱት።

መቆያ፦ የተልባ ጄል ለምሳሌ ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውኃ ተፈልቶ ገና ትኩስ ሳለ ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ ወንፊቱን ዘግቶ አይወርድም። እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር ስለሌለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ነው ዕድሜው። «በጠርሙስ አድርጋችሁ መታጠቢያ ቤት አስቀምጡ» የሚል ገጽ ሰልጣኞቻችሁን ደንበኛ ራስ ላይ ሻጋታ ያስቀባቸዋል።

የተገዛ ቅባትን ጀርባ ማንበብ የሚያስተምር ምዕራፍ ካለ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። የይዘቱ ዝርዝር ከብዙ ወደ ጥቂት ይወርዳል፤ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ግን አምራቹ እንደፈለገ ይደረድራል። ፌኖክሲኤታኖል የሚባለው የብልሽት መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ አያልፍም፤ ስለዚህ ከእሱ በኋላ የተጻፈ የሺያ ቅቤ ለስም ያህል የገባ ነው።

ሚዶ
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ያየናቸው ሁለቱ መጻሕፍት ፀጉርን ብርጭቆ ውኃ ላይ ጥሎ መስመጥ አለመስመጡን በማየት ውኃ የመምጠጥ አቅሙን ይለካሉ። ይታመናል?

ቀመር
አይታመንም። ፀጉሩ ላይ የቀረ ቅባት ወይም የተጣበቀ አየር ያንሳፍፈዋል፤ ጣት ከነካው ደግሞ ይሰምጣል። ከዚያ ይልቅ በሻምፖ ታጥቦ ምንም ያልተቀባ ፀጉር ቶሎ ይርሳል ወይስ ውኃው ላዩ ላይ ይንከባለላል፣ ለመድረቅስ ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለውን የሚያስከትብ መጽሐፍ ይሻላል። መተኮሻን በተመለከተ ዲግሪ ይጠቀስ፤ «መካከለኛ ሙቀት» በየመሣሪያው ይለያያል። ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ጉዳቱ በፍጥነት ይጨምራል። እርጥብ ፀጉር ላይ ሲሆን ደግሞ ውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ አረፋ ይሠራል፣ ፀጉሩ እዚያው ይሰበራል። በሙቀት የጠፋ ጥቅልል በኮንዲሽነር አይመለስም።

ቁንዳላ
ስለ ምደባው፦ ከ1 እስከ 4 ያለውን ቁጥር ያወጣው አሜሪካዊው ፀጉር ሠሪ አንድሬ ዎከር ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ። 4ሲ እዚያ የለም፤ ኋላ ሰዉ ራሱ የጨመረው ነው። ለመግባቢያ ይሆናል እንጂ የእንክብካቤ መመሪያ አይሆንም፤ የሚነግረን የጥቅልሉን ቅርጽ ብቻ ነው። የአንዷ ዘለላ ውፍረት፣ የፀጉሩ ብዛት፣ ውኃ አያያዙ አይታወቅም። ሁለት ሰዎች 4ሲ ሆነው የአንዷ ዘለላ ቀጭን፣ የሌላዋ ወፍራም ቢሆን ያው ከባድ ቅባት ባለ ወፍራሟን ያሳምራታል፣ ባለ ቀጭኗን ያስተኛባታል። ምዕራፎቹ በቁጥር ብቻ ተከፋፍለው በየቁጥሩ የምርት ዝርዝር ካለ ካታሎግ ነው።

ስም ጥሩ ካላችሁ፣ የኦድሪ ዴቪስ-ሲቫሶቲ «ዘ ሳይንስ ኦፍ ብላክ ሄር» (2011 እ.ኤ.አ.) ለማሰልጠኛ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈጣን ንባብም አይደለም። ተፈጥሯዊውንም በሪላክሰር (በኬሚካል ማለስለሻ) የለሰለሰውንም ስለሚይዝ ይጠቅማችኋል፤ ሪላክሰር ትቶ ፀጉሩን ከሚያሳድግ ደንበኛ ጋር ሰልጣኞቹ መገናኘታቸው አይቀርም። አዲሱ ጥቅልልና አሮጌው ለስላሳ የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው ስብራቱ የሚበዛው። «ሄር ስቶሪ» ግሩም ነው፣ ግን የታሪክ መጽሐፍ ነው፤ የማበጠር ትምህርት ፍለጋ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። ሻምፖ እርግፍ አድርጋችሁ ተዉ የሚሉትን ደግሞ እንደ ሁለተኛ አስተያየት ካልሆነ እንደ ዋና መማሪያ አልወስዳቸውም፤ ከባድ ቅባት የሚቀባ ራስ በኮንዲሽነር ብቻ አይጠራም።

ቆዳና ሥር
የተረሳ ምዕራፍ አለ፦ «እዚህ ላይ ቁሙ» የሚለው። ሹሩባ የሚያስተምር መጽሐፍ ሁሉ ውጥረት ሲበዛ ምን እንደሚታይ መጻፍ አለበት። ሲሠራ የሚያም፣ በማግስቱ ሥሩ ላይ ትንንሽ ጉብታ የሚወጣበት፣ የግንባርና የጆሮ ዳር ፀጉር እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ያን ጊዜውኑ ይፈታል። በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። መሳሳቱ ከመሀል አናት ጀምሮ እየሰፋ ከሆነ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው። «ዳሩ ሲሳሳ ይህን ዘይት ቀቡ» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ጊዜ ያስበላል።

ፎረፎርም እንዲሁ። ፎረፎር የሚያባብሰው ቆዳ ላይ ያለ እርሾ (የፈንገስ ዓይነት) ቅባት ነው የሚበላው፤ ስለዚህ «የራስ ቆዳው ደርቋልና ዘይት ይጨመር» የሚል ምክር ነገሩን ያባብሰዋል። ኬቶኮናዞል ወይም ዚንክ ፒሪቲዮን ያለበትን ሻምፖ የሚጠቅስ፣ አረፋው የፀጉሩን ዘለላ ሳይሆን ቆዳውን እንዲነካ የሚያዝ ይሻላል።

ሌላ መፈተኛ፦ ሹሩባ ሲፈታ ስለሚወጣው ፀጉር ምን ይላል? በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፍ ጤና ነው። 8 ሳምንት ታስሮ የቆየ ሹሩባ ሲፈታ ከ2,800 እስከ 5,600 የረገፈ ፀጉር በአንድ ጊዜ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ያላስነበበ መጽሐፍ ሰልጣኟን ያስደነግጣታል። በተፈጥሮ የረገፈው በሥሩ በኩል ነጭ ነጥብ አለው፤ የተሰበረው የለውም፣ አጠርም ይላል። በውኃ ከመነካቱ በፊት ይህ የረገፈው በጣት ካልወጣ ሲርስ ይቋጠራል፣ ከዚያ መቀስ ካልሆነ አይፈታም።

ጎፈሬ
ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከእኔ ደንብ ጋር እንዳይምታታ፦ ማፍታታቱ በእርጥቡ ነው፤ ከሹሩባ በኋላ ግን የረገፈውን ማውጣቱ ይቀድማል፣ ጥቂት ዘይት ወይም ኮንዲሽነር ጣት ላይ ተደርጎ።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ለመምረጥ ደግሞ ከቀሩት ሁለት እጩ መጻሕፍት ከእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ የተጠቀለለ ፀጉር ካለው መለማመጃ አሻንጉሊት ራስ ጋር ለአንዲት ሰልጣኝ ስጧት። ማንም አይርዳት። ኮንዲሽነሩ ስንት ነው፣ ስንት ደቂቃ ይቆይ፣ ቋጠሮው እምቢ ካለ ምን ላድርግ ብላ ከጠየቀች ገጹ ያልመለሰው ያ ነው። ከሁለቱ መጻሕፍት ጥያቄዋ ያነሰበትን ግዙ።