ከወፍራም ሶል የሩጫ ጫማ ወደ ስስ ሶል ስለመሸጋገር

ጥያቄ (ከሱሉልታ)

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሱሉልታ ሲሆን፣ በሥራ ቀናት ማለዳ በኮረኮንች መንገድ፣ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ ጫካ ውስጥ እሮጣለሁ። እስካሁን የምሮጠው ተረከዙ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ባለው በተለመደው ጫማ ነበር። በቅርቡ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ አገር ሲመጣ ሶሉ በጣም ስስ የሆነ፣ ተረከዙና የፊት እግሩ እኩል ከፍታ ያላቸው፣ በጣት በኩል ሰፋ ያለ ጫማ ይዞልኝ መጣ። በአጭር ርቀት ስሞክረው መሬቱ በደንብ ተሰማኝ፤ እርምጃዬም ቀለለኝ። በማግስቱ ግን ባቴ ጠጥሮ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ይህ ሕመም የሚጠበቅ ነው ወይስ ጫማው አልተስማማኝም? ሙሉ በሙሉ ለመቀየርስ ምን ያህል ጊዜ ያስፈልገኛል?

መልስ (ከሰንዳፋ፣ አሠልጣኝ)

የባትዎ መጠጠር የሚጠበቅ ነው። በተለመደው ጫማ ተረከዙ ከፊት እግሩ 10 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ባትና የአኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው ጅማት) እስከ መጨረሻው ሳይለጠጡ ይሠራሉ። ተረከዙ ዝቅ ሲል ግን በየእርምጃው ይበልጥ ይለጠጣሉ፤ በዚያ ላይ ሶሉ ሲሳሳ ብዙ ሯጭ ሳያስበው በተረከዙ ማረፉን ትቶ በፊት እግሩ ማረፍ ስለሚጀምር፣ ጉልበት ይሸከመው ከነበረው ጫና ከፊሉ ወደ ባትና ወደ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ጫናው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው በዚህ መካከል ነው፤ ባቱ መታመሙን ሲተው ሯጩ ዝግጁ የሆነ ይመስለውና ርቀቱን በአንዴ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ለእግር ጉዞ ብቻ ይጫሙት። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀናቱን አራርቀው፣ እግርዎ ሳይዝል በልምምድዎ መጀመሪያ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሣር ላይ ይሩጡበትና የቀረውን በቀድሞው ጫማ ይጨርሱ። ጊዜውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቢፈጅብዎ ዘገየሁ አይበሉ። ደግሞም የቀድሞውን ጫማ መጣል ግዴታ አይደለም፤ አትሌቶቻችን ሳምንቱን በጫካ፣ በኮረኮንችና በአስፋልት ከፋፍለው እንደሚሠሩ ሁሉ እርስዎም ሁለቱን ጫማዎች እያፈራረቁ መጠቀም ይችላሉ።

መልስ (ከለገጣፎ)

እኔ ይህን ያህል መጠንቀቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን ያሸነፈው በባዶ እግሩ አይደለምን? እግራችን የተፈጠረው ያለ ስፖንጅ ነው።

መልስ (ከቡራዩ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)

የአበበ ታሪክ ሁላችንንም ያኮራል፤ ማስረጃ አድርገን ስናቀርበው ግን ሙሉውን እንናገር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የገባበት ሰዓት 2:15:16 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 አሸነፈ። ያለ ጫማ ያደገ እግርና ዕድሜውን ሙሉ በወፍራም ተረከዝ የኖረ እግር እኩል ጥንካሬ የላቸውም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ታዋቂ ጥናትም በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች በአብዛኛው በፊት እግራቸው እንደሚያርፉና መሬት ሲነኩ የሚገጥማቸው ድንገተኛ ግጭት አነስተኛ እንደሆነ አሳየ እንጂ፣ ጫማ የቀየረ ሰው አይጎዳም አላለም።

ጠያቂያችን ሊለዩት የሚገባው የሕመሙን ዓይነት ነው። ሁለቱንም ባቶች እኩል ይዞ በሁለት ሦስት ቀን የሚለቅ ሕመም የጡንቻ ድካም ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ የአኪለስ ጅማት ላይ የሚሰማ ግትርነት እየባሰ ከሄደ ግን መቀነስ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የእግር ጀርባ፣ ማለትም ከጣቶች ወደ ቁርጭምጭሚት ያለው የመዳፉ የላይኛው ገጽ ነው። ወደ ጣቶች የሚዘልቁትን ረጃጅም አጥንቶች አንድ በአንድ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ፤ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ለይቶ የሚያም ከሆነ፣ በተለይም እብጠት ካለው፣ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ ወደ ሩጫ መመለስ አይገባም።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእኔ ሕመም ሁለቱም ባቶቼ ላይ ነበር፤ አሁን ለቆኛል። አንድ ነገር ልጨምር፤ እንጦጦን በዚህ ጫማ መቼ ልሞክር?

መልስ (ከሰንዳፋ፣ አሠልጣኝ)

እንጦጦን በመጨረሻ ያድርጉት። ዳገቱ ባትን ያለልክ ይለጥጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከባሕር ዛፍ ሥርና ከሾለ ድንጋይ የሚከላከልልዎ ነገር የለም። በክረምት ጭቃው የሶሉን ጥርስ ስለሚደፍነው ስስ ጫማ ያንሸራትታል። በአንድ እግርዎ ቆመው ተረከዝዎን ሳያቋርጡ ከ20 እስከ 25 ጊዜ ማንሳት እስኪችሉ፣ ሜዳ ላይም ያለ ሕመም ግማሽ ሰዓት እስኪሮጡበት ድረስ ጫካውን በቀድሞው ጫማዎ ይሩጡ።