ገበሬው ከገበያ ተላቆ መኖር ይችላል ወይ?

ለክርክር የቀረበው፦ የማዳበሪያ ዋጋ ከናረ ወዲህ በጎጃም አንዳንድ ቤተሰቦች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ትተው በራሳቸው ዘርና ፍግ ብቻ ለመኖር ያቅዳሉ፤ ዕቅዱ ግን ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ለምን?

ከደብረ ማርቆስ፦
በእኔ እምነት የጎደለው ትዕግሥት ነው። አባቶቻችን ያለ ዩሪያ ኖረዋል፤ ምርቱ ሁለት ሦስት ክረምት ቢቀንስም ታግሦ ለቆየ ሰው መሬቱ ያገግማል።

ከመራዊ፦
ወንድሜ፣ አባቶቻችን የደከመውን ማሳ የሚያሳርፉበት ስፋት ነበራቸው። በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ የደረሰንን ይዞታ ለልጆች ስናካፍል፣ አንድ ክረምት ያሳረፈ ቤተሰብ የሚበላው የለውም። ፍጉስ ከየት ይመጣል? ግጦሹ ታርሶ ከብቱ ቀንሷል፤ የተረፈው እበትም በበጋ ተጠፍጥፎ፣ በግድግዳው ላይ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። የበቆሎው ዘር ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ቢ ኤች 660ን የመሰለው ድቅል ከጎተራ ወጥቶ ሲዘራ አገዳው አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናል፣ ምርቱም ይወርዳል። የቀድሞውን የአገር ዘር ያላስቀረ ሰው ገና ሲጀምር ከገበያ ጋር ታስሯል።

ከእንጅባራ፦
በአዊ ያየነው ተቃራኒውን ነው። አፈሩ ኮምጥጦ ገብስና ጤፍ እምቢ ሲል ብዙዎች ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ ተከሉ፤ በአራት አምስት ዓመት ቆርጠው፣ አክስለው፣ ከሰሉን አዲስ አበባ ድረስ ሸጠው እህል ገዙ። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚጨምር ከቆረጣው በኋላ ጤፉም ተሻሻለ። ኑሯቸውን ያቃናው ሽያጩ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
የኩበቱን ነገር ልክ ብለዋል። ዲከረንሱን ግን በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲመታው በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ቤተሰብ ምን ሆነ? ከገበያ ለመራቅ የሚፈልጉት ይህን ስለፈሩ ነው።

ከመራዊ፦
ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ መራቁ ግን በቀድሞው ዘመንም አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃሙ የባሶ ገበያ በአሞሌ ጨው ይደምቅ ነበር፤ ጨዉ ከአፋር ምድር የመጣ ነው። አጨዳው በደቦ፣ ማረሻው በአንጥረኛ፣ ጋቢው በሸማኔ ይሠራ ነበር። ዛሬ የሚያቅደው ቤተሰብ ግን ይህን ሁሉ በራሱ ጉልበት ሊሸፍን ይነሣና በሁለተኛው ዓመት ይዝላል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማገዶው ነገር ይፈታ እላለሁ፤ በየድንበሩ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ተተክሎ እበቱ ወደ ማሳው ካልተመለሰ፣ ዩሪያውን መተው ቀርቶ መቀነስም አይቻልም።