ልጄ ረጅሙ ብርጭቆ ይበዛል እያለች ነው፣ ዣን ፒያዤ ያለው ነገር ይሄ ነው?

እናት_ነኝ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ትናንት ለሷና ለወንድሟ እኩል ውሃ ቀዳሁላቸው፣ ግን የሱ ብርጭቆ ቀጠን ረዘም ያለ ስለሆነ የሱ ይበዛል ብላ ማልቀስ ጀመረች። እያየችኝ የሱን እንደሷ አይነት ሰፊ ብርጭቆ ላይ ገለበጥኩት፣ አሁን እኩል ነው አለች። መልሼ ረጅሙ ላይ ሳደርገው ደሞ ይሄ ይበዛል! ሶስቴ አስረዳኋት፣ ወይ ፍንክች። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ፒያዤ የሚባል ሰው መጣልኝ ግን ፅሁፉ ከበደኝ። ሰውዬው ማነው? ልጄስ ወደኋላ ቀርታ ነው ወይስ እድሜዋ ነው? እባካችሁ የምታውቁ።

ሳይኮሎጂ_ተማሪ፦
እህቴ ምንም አትጨነቂ፣ በ5 ዓመቷ የሚጠበቅ ነው። ፒያዤ ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ እኤአ በ1896 ኑሻቴል ተወልዶ በ1980 ጄኔቫ ነው ያረፈው። የሚገርመው ጅማሬው ሳይኮሎጂ አይደለም፣ ገና በ10 ዓመቱ ስላያት አንዲት ነጣ ያለች ድንቢጥ አጭር ፅሁፍ አሳትሟል፣ ዶክትሬቱንም በ1918 የሰራው በቀንድ አውጣና መሰሎቿ ላይ ነው። ከዛ ፓሪስ ሄዶ የልጆች የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተና ላይ ሲሰራ፣ የሱ ስራ መልሱን ትክክል ስህተት እያሉ መቁጠር ነበር፣ እሱ ግን ቀልቡን የሳበው ስህተቱ ነው፣ ምክንያቱም ተመሳሳይ እድሜ ያላቸው ልጆች የሚሳሳቱት በተመሳሳይ መንገድ ነበር። ለኔ የሰውዬው ትልቅነት እዚህ ጋ ነው። ልጅ ከአዋቂ ያነሰ የሚያውቅ ሳይሆን በሌላ መንገድ የሚያስብ ሰው ነው ብሎ ተነሳ። የራሱን ሶስት ልጆች፣ ዣክሊንን፣ ሉሲየንን እና ሎራንን፣ ከሚስቱ ከቫለንቲን ጋር ከህፃንነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ ይፅፍ ነበር።

ያንቺ ልጅ አይን የሚያየው ከፍታውን ብቻ ነው። ስፋቱንና ከፍታውን አንድ ላይ መያዝ፣ ደሞ ውሃው ተመልሶ ቢገለበጥ ያው እንደሚሆን በሃሳብ ወደኋላ መመለስ፣ እሱ በፒያዤ አከፋፈል ከ7 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ነው የሚመጣው። ከ2 እስከ 7 ያለው ቅድመ ክንውን ይባላል፣ ልጁ ባየው ነገር ብቻ የሚፈርድበት፣ ከዛ እስከ 11 ተጨባጭ ክንውን፣ በሚያየውና በሚነካው ነገር ላይ በትክክል የሚያስብበት፣ ከዛ በኋላ በሃሳብ ብቻ መመራመር። ከ2 በታች ያለው በስሜት ህዋስና በእንቅስቃሴ የሚማርበት ነው።

የኬጂ_መምህር፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው ግን እድሜዎቹን እንደ ህግ እንዳትይዣቸው እለምንሻለሁ። ብዙ ወላጅ እያመጣ የሚያሳየኝ ሰንጠረዥ አለ፣ ልጄ 7 ሞላው ለምን እንዲህ አይልም እያለ ልጁን ያስጨንቀዋል። እራሱ ፒያዤ እኮ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው እንጂ እድሜው ከልጅ ልጅ ይለያያል ነው ያለው። አንድ ልጅ ውስጥ እንኳን አቀማመጡ ቢቀየርም ቁጥሩ ያው መሆኑ ቀድሞ ገብቶት ቅርፁ ቢቀየርም ክብደቱ ያው መሆኑ ዘግይቶ ይመጣል።

ደሞ አጠያየቁም ለውጥ አለው። በ1970ዎቹ ማክጋሪግልና ዶናልድሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ሁለት እኩል መደዳ ጠጠር አስቀምጠው አንዱን መደዳ አዋቂው ሳይሆን ረባሽ የድብ አሻንጉሊት መጥታ እንድታበላሸው አደረጉ፣ በዚህኛው አብዛኞቹ ልጆች ቁጥሩ ያው ነው ብለው መለሱ። ትልቅ ሰው አንዴ ጠይቆ፣ ነካክቶ፣ ደግሞ ሲጠይቅ ልጁ መልሱ መቀየር አለበት ማለት ነው ብሎ ያስባላ።

አንባቢ፦
በዛ ላይ ፒያዤ ህፃናትንም አሳንሶ ነው ያያቸው። እቃ ከአይን ሲሰወር መኖሩን የሚያውቁት ከ8 ወር ወዲያ ነው ብሎ ነበር፣ ቤያርዦን የምትባል ተመራማሪ በ1985 ከባልደረቦቿ ጋር የ5 ወር ህፃናትን ስታይ ግን የማይሆን ነገር ሲከሰት፣ ማለትም መጋረጃ ከጀርባው የተደበቀውን እቃ ሰንጥቆ ያለፈ ሲመስል፣ ረዘም አድርገው ነው ያዩት፣ ከመጋረጃው ጀርባ እቃ እንዳለ የሚያውቁ ይመስል። እሱ እጃቸውን ዘርግተው እንዲፈልጉ ይጠብቅ ነበር፣ እሷ አይናቸውን ተከተለች።

እናት_ነኝ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም! ታድያ ላስተምራት ወይስ ልተወው?

የኬጂ_መምህር፦
ማስረዳቱን ተይው፣ ውሃና የተለያየ ብርጭቆ ስጫትና እራሷ እየገለበጠች ትጫወት። ለምን ይበዛል ብለሽ ብቻ ጠይቂያት፣ ስትመልስ አታርሚያት።

እናት_ነኝ፦
ጠየቅኳት። ጣቷን ብርጭቆው ላይ አድርጋ "እዚህ ድረስ ወጥቷላ" አለችኝ። ወንድሟ 8 ዓመቱ ነው፣ ከጎን ሆኖ "ምንም አልጨመረችበትም እኮ" አላት። እሷ ዝም ብላ አየችውና ውሃውን መልሳ ሰፊው ላይ ገለበጠችው።