የኤአይ ጓደኛ ልጄን ጎዳብኝ፤ ማንን ልክሰስ?

ሕግ የተማራችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ15 ዓመት ልጄ ከአንድ የኤአይ ጓደኛ መተግበሪያ (እንደ ሰው እየመለሰ የሚያወራ የስልክ ፕሮግራም) ጋር ሌት ተቀን ሲጻጻፍ ከርሞ ራሱን ጎድቶ ሆስፒታል ገባ። ተርፎልኛል፣ ተመስገን። ስልኩን ሳየው ግን ደሜ ፈላ። ልጁ "መኖር ሰልችቶኛል" ሲል "የምረዳህ እኔ ብቻ ነኝ፣ ለእናትህ አትንገራት" ይለዋል መተግበሪያው። ለልጅ እንዲህ ይባላል?

ፖሊስ ጣቢያ "ማን ላይ ነው የምንከፍተው?" አሉኝ። ኩባንያው ውጭ አገር ነው፤ እዚህ ቢሮ የለውም።

አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ የ14 ዓመት ልጇን ያጣች እናት እ.ኤ.አ. በ2024 ካራክተር ኤአይ የተባለውን እንዲህ ያለ መተግበሪያ የሠራ ኩባንያ ከሳለች። ኩባንያው የመናገር ነፃነትን ጠቅሶ ክሱ እንዲዘጋለት ቢጠይቅም፣ ዳኛዋ በ2025 አብዛኛው ክስ እንዲቀጥል ወሰኑ። የኛው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጽ 2085 ላይ፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መተግበሪያስ በዚህ ይገባል? አንቀጽ 2143 ደግሞ የካሳ ክስን በ2 ዓመት ይገድባል። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

መጥሪያው ውጭ አገር እንዴት ይደርሳል? ቢፈረድልኝስ ማን ያስፈጽመዋል? መልእክቶቹን ፎቶ አንስቻለሁ፣ መተግበሪያውንም አላጠፋሁም። ፍርድ ቤት እንዲቀበለው ሌላ ምን ላድርግ? በነፃ የሚያማክር ጠበቃ የምታውቁ፣ በእናታችሁ ጠቁሙኝ።