ልጄ ቅንፍ ላይ ተቸገረች፤ እንዴት ላስረዳት?

የሳሪሷ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ትናንት 3(ኤክስ − 4) = 2ኤክስ + 5 የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። እሷ 9 አገኘች። መጽሐፉ 17 ይላል። በላጲስ እየፋቀች ወረቀቱን ቀደደችው፣ አለቀሰችም። እኔ ትምህርት ካቆምኩ ቆየሁ። መልሱን ሳይሆን እንዴት እንደማስረዳት ንገሩኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
አይዞሽ እህቴ፣ ስህተቷ አንድ ብቻ ናት። 3ቱን በኤክስ አባዝታ 4ቱን ትታዋለች። 3ኤክስ − 4 ብላለች፤ ትክክሉ 3ኤክስ − 12 ነው። ሦስት ፌስታል ላይ እኩል እኩል ብርቱካን አድርጊ። ከእያንዳንዱ 4 ታውጣ። ስንት ወጣ? 12 ትልሻለች፣ ራሷ። ከዚያ 9ን በኤክስ ቦታ ታስገባ። በግራ 15፣ በቀኝ 23 ይመጣል፤ አይገጥምም። በ17 ግን ሁለቱም 39 ናቸው። ሁሌ እንዲህ ታረጋግጥ፤ የማንንም መልስ አትጠብቅም።

ሳምሪ፦
እኔም ወንድሜን ሳስጠና እርሳሱን ከእጁ አልቀበልም። ከተቀበልኩት የሠራሁት እኔ ነኝ።

የሳሪሷ እናት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ብርቱካን አልነበረኝም፣ በድንች አደረግነው። «እንዴ፣ 12 ነዋ!» ብላ ዘለለች። አሁን ደግሞ አማካይ እና ሚዲያን ተምታቱባት።

ጡረተኛው መምህር፦
ምን ትሸጫለሽ? በሱ አሳያት።

የሳሪሷ እናት፦
እንጀራ። የአምስት ቀኑ 20፣ 22፣ 25፣ 23፣ እና የበዓሉ ዋዜማ 90።

ጡረተኛው መምህር፦
ድምሩ 180፣ ለ5 ሲካፈል አማካዩ 36። ግን 36 የሸጥሽበት ቀን የለም፤ 90ው ነው የጎተተው። በቅደም ተከተል ስትደረድረው መሃል ላይ ያለው 23 ነው። ሚዲያን እሱ ነው። ለአዘቦት ቀን ስንት እንደምትጋግሪ ጠይቂያት።