ጥላ በሌለው ግቢ መኪና አጥቤ ዋክስ ማድረግ የምችለው እንዴት ነው?

ባለጥቁሯ ኮሮላ፦ ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ድሬዳዋ ነው። ግቢያችን ዛፍም ዳስም የለውም፤ ረፋዱ ላይ ኮፈኑን በእጅ መንካት አይቻልም። ላቫጆ ስወስዳት ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ ያጥቧትና ስትደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይወርሳታል። ዋክስ (ቀለሙን የሚያበራውን ቅባት) ገዝቼ ነበር፤ ጣሳው ላይ «ፀሐይ ላይ አይጠቀሙ» ይላል። ድሬ ላይ ፀሐይ የሌለበት የት ነው? ነጠብጣቡስ ይለቃል?

የከዚራው፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጀምር ወንድሜ። ብረቱ በርዶ ነው የሚያድረው። መጀመሪያ ጎማና ቸርኬ፣ ከዚያ ከጣሪያው ወደ ታች። ሙሉ መኪናውን ሳሙና አልብሰህ አትቁም፤ አንድ ጎን እጠብ፣ አለቅልቅ፣ ወደ ሌላው እለፍ።

ሹፌሩ፦ የውሃ ጠብታ ፀሐይ ላይ እንደ ማጉያ መነጽር ሆኖ ቀለሙን ያቃጥላል ይባላል። እውነት ነው?

ባትላሜራ ቤት፦ ወሬ ነው። ጣጣው ያለው ውሃው ውስጥ ነው። የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ይየው፤ ያ ነጭ ቅርፊት ነው ቀለሙ ላይ የሚቀረው። ጥላ ውስጥ ውሃውን በፎጣ ትደርስበታለህ፤ ፀሐይ ላይ ግን እሱ ደርቆ ይቀድምሃል።

ለነጠብጣቡ ነጭ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅል። ብረቱ ቀዝቃዛ ሲሆን በጨርቅ ቀባ ቀባ አድርገህ ቶሎ በብዙ ውሃ አለቅልቅ። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክር፤ ኮምጣጤውም እንዳይደርቅብህ። ካልለቀቀና ጥፍርህ ጎድጎድ ያለ ነገር ካገኘ ቀለሙን በልቶታል። ያኔ ፖሊሽ የሚያውቅ ሰው ፈልግ። ኦሞ ደግሞ ለልብስ ነው፤ ያለውን ዋክስ ጠርጎ ይወስደዋል።

ባለቪትዝ፦ እኛ አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል እንሸወዳለን። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና እዚህም ይግላል። የእጅህን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፍ፤ ከሞቀህ ተወው። ሞተሩም ያሞቀዋል፤ ከመንገድ ገብተህ ወዲያው አትጠብ።

ባትላሜራ ቤት፦ ልክ ነው። ዋክሱን በተመለከተ፦ መኪናው ጥርግ ብሎ ይድረቅ፣ የበርና የስፔኪዮ ሥር ውሃ ሳይቀር። በስሱ ቀባ፤ ብዙ ስለተቀባ የበለጠ አያበራም። ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ ጣትህን ሳብ አድርግበት። ጣትህ ያለፈበት ካበራ በማይክሮፋይበር ጥረገው፤ ከተዝረከረከ ገና ነው። በጋለ ብረት ላይ ይህን ለማየት እንኳ ጊዜ አይሰጥህም። ድርቅ ብሎ ይጣበቃል፤ አንተም ስትፈገፍገው ቀለሙን ትጭረዋለህ።

ባለጥቁሯ ኮሮላ፦ ተባረኩ። ግን ማጠቡንም ዋክሱንም ፀሐይ ሳይጠነክር መጨረስ የምችል አይመስለኝም። ሸራ ብወጥርስ?

የከዚራው፦ ጠዋት ከጠበበህ ጣሪያውንና ኮፈኑን ብቻ ዋክስ አድርግ። ፀሐይ አናታቸው ላይ የሚያርፍባቸው እነሱ ናቸው። በሮቹንና ፓርፋንጎውን በሌላ ቀን ታጥበው ሲደርቁ ትጨርሳለህ። ማታ አልመክርህም፤ ሲመሽ ያልተጠረገውን አታየውም።

ሸራው ጥሩ ነው፤ ከፍ አድርገህ በገመድ ወጥረው እንጂ መኪናው ላይ አታልብሰው። ነፋስ ካለ ግን ለሌላ ቀን አሳድረው፤ አቧራውን አምጥቶ ዋክሱ ላይ ይለጥፍልሃል።