የዲዛይን ሥዕል የሌለው ድልድይ፣ 96 ቶን ጭነት፦ ሁለተኛውን የፌሮ ረድፍ የት ከፍቼ ልይ?

ትራንስፎርመር የጫነ ሎቤድ (ከባድ ዕቃ የሚጭን ዝቅ ያለ ተጎታች) ሊያልፍበት የታሰበ የድሮ የኮንክሪት ድልድይ ነው። አንድ ስፓን (በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርዝመት)፣ 12 ሜትር፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ያረፈ። አራት ገርደሮች (ስላቡን የሚሸከሙ ቁመታዊ ቢሞች) በ2 ሜትር ልዩነት፤ ወርዳቸው 40 ሳ.ሜ.፣ ቁመታቸው ከነስላቡ 1 ሜትር። የዲዛይን ሥዕሉ የለም።

ተጎታቹ 8 አክስል አለው፤ እያንዳንዱ 12 ቶን፣ በመካከላቸው 1.5 ሜትር። ስምንቱም ስፓኑ ላይ ሲሆኑ መሃሉ ላይ 1416 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት (ገርደሮቹን የሚያጎብጥ ጫና) ይመጣል። የመንገዱን መሃል ይዞ፣ በእግር ፍጥነት፣ ብቻውን ስለሚያልፍ ኢምፓክት (ከእንቅስቃሴው ንዝረት የሚመጣ ተጨማሪ ጫና) አልጨመርኩም፤ ለአንድ ገርደር 35 በመቶውን ሰጠሁ።

ችግሩ ፌሮው ነው። የብረት መፈለጊያው ከታች አራት ባለ 32 ሚ.ሜ. ፌሮ አሳየ፤ ከበላዩ ሌላ ረድፍ ቢኖር ግን የታችኛው ይጋርደዋል። የብረቱን ጥንካሬ 275 ሜጋ ፓስካል ይዤ ሳሰላ ሬቲንግ ፋክተሩ (ከ1 በታች ከሆነ ድልድዩ ጭነቱን አይችልም ማለት ነው) በአንድ ረድፍ 0.41፣ በሁለት ረድፍ 1.41 ወጣ። ድልድዩ ለኤችኤስ 20 (የአሜሪካ የድልድይ ዲዛይን የጭነት መኪና) ተሠርቶ ከሆነ ሁለት ረድፍ መኖሩ አይቀርም፤ በግምት ግን 96 ቶን አይሻገርም። ሽሚት ሀመርም (ገጹን መትቶ በመንጠር የኮንክሪት ጥንካሬ የሚገምት መሣሪያ) ሞክሬያለሁ፤ ያረጀ ኮንክሪት ገጹ በካርቦኔሽን (ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በሚፈጥረው ለውጥ) ስለሚጠነክር ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ለፌሮው ደግሞ ምንም አይነግርም።

የቀረው ከገርደሩ ጎን፣ ከታች 13 ሳ.ሜ. ላይ፣ ከቨሩን (ፌሮውን የሸፈነውን ኮንክሪት) ፈልፍሎ ማየት ነው። ሁለተኛው ረድፍ ግን ወደ ድጋፉ ሲጠጋ ተቆርጦ ወይም ወደ ላይ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ስንት ገርደር፣ ከስፓኑ መሃል በስንት ሜትር ርቀት ላይ ልክፈት?